ፍንጭ አልፈልግም

«ይሄ ጨዋታ አይረባም» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ የተደበቁ ዕቃዎች የሚፈለጉበትን ሥዕል ስልኳ ላይ ለታናሽ እህቷ እያሳየች። «ማን መቀስ ዛፍ ላይ ይሰቅላል? ጎበዝ ደባቂ ቀለምን ከቀለም አመሳስሎ ፊትሽ ያስቀምጥልሻል።»

«ፍንጩን ብትነኪውስ፣ እትዬ?»

«ፍንጭ የሰነፍ ነው። እኔ ከጥግ ጀምሬ በዓይኔ እጠርገዋለሁ።»

ዓይኗን ልታሳርፍ ቀና ስትል፣ እንደ ልማዷ ሳሎኑን ከጥግ ጀምራ ቃኘችው። ከሙቀቱ የተነሳ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። እህቷ ግን አንገቷ ላይ ወይን ጠጅ ሻርፕ ጠምጥማለች። ያው ወይን ጠጅ ቀለም ከሻርፑ ጠርዝ አልፎ ቆዳዋ ላይ ቀጥሏል፤ የጣቶች ቅርጽ ነበረው። እህቷ ሻርፑን ቶሎ ሳብ አደረገችና፣ «ተይው» በሚል ዓይን አየቻት።

«መቼም ካንቺ ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም» አለ ከሶፋው ላይ የእህቷ ባል፣ ፈገግ ብሎ። ከዚያ ተነሳና መስኮቱን ዘጋው።