«አንቺ»ም ያጠቃልላል

የፕሮግራመሮች ማኅበር ድረ ገጽ አባላቱን ሁሉ «እንኳን ደህና መጣህ» እያለ ይቀበል ነበር። ገጹን የምትሠራው ትርሲት «ይስተካከል» ብትል ሊቀመንበሩ ሳቁባት።

«‹አንተ› ሴቱንም ያጠቃልላል፤ አታካብጂ።»

ሰኞ ጠዋት ገጹ ለሁሉም «እንኳን ደህና መጣሽ፤ ስምሽን ጻፊ» አለ። እስከ ረፋዱ አርባ ሰባት ወንዶች ቅሬታ ላኩ። ሊቀመንበሩ በቁጣ ደወሉላት።

«ምን ማድረግሽ ነው? እኔን እንኳ ‹አንቺ› አለኝ እኮ!»

«‹አንቺ›ም ወንዱን ያጠቃልላል፣ ጋሼ። አያካብዱ።»

ትርሲት ይቅርታ አልጠየቀችም።

«እንግዲያው ለሁሉም ‹እርስዎ› ይበል» አሉ በመጨረሻ። «ስንት ቀን ይፈጅብሻል?»

ትርሲት አንድ ቁልፍ ተጫነች። «እርስዎ» የሚለውን ገጽ ጽፋ የጨረሰችው ከሦስት ወር በፊት ነበር።