ከወሬው የቀደመ ዋጋ

ኖርበርት ነገ ከሰዓት የዶክትሬት ጽሑፉን ገምጋሚዎች ፊት ያቀርባል። ጥያቄው አጭር ነው፦ የፖላንድና የቼክ የአክሲዮን ገበያዎች ወሬ ሲመጣ የትኛው ቀድሞ ይሰማል? መልሱም አጭር ነው። የፕራግ ዋጋ መግለጫ እስኪወጣ ይጠብቃል። የዋርሶ ዋጋ ግን ከመግለጫው በፊት ይወድቃል። «የሚያውቅ ሰው አፉ ዝም ቢል እንኳ አድራጎቱ ይናገርበታል» ብሎ ጽፏል።

«‘አጋጣሚ ነው’ ይሉሃል» ብለውት ነበር አማካሪው ፕሮፌሰር ግራቦቭስካ። «በዓይንህ ያየኸው አንድ ምሳሌ አምጣ። አለዚያ ይጥሉሃል።»

የማቅረቢያ ቀኑን ሁለት ጊዜ አራዝሟል። ሦስተኛ የለም።

ማልዶ ወንድሙ ኤቫልድ ደወለለት።

«አንተ የወረቀት አይጥ! ሸሚዝህን ተኮስክ?»

«ቁጥሮቹን እንደገና ልያቸው ብዬ...»

«ቁጥር ለብሰህ ልትቆም ነው? ነገ ከፊት ወንበር ላይ ነኝ፤ ከሁበርት ጋር ፈረቃ ተለዋውጠናል፤ በእኔ ፈንታ እሱ ይገባል። በል፣ ስልኩን ላስቀምጥ ነው።»

ኤቫልድ እንደ አባታቸው ከሰል ቆፋሪ ነው፤ ፈረቃው የከሰዓት። እዚያው ማዕድን የሚሠራው የታች ቤቱ ጎረቤት ሁበርት የጠዋት ነው።

ከታች ቤት ሬዲዮ ስለ እግር ኳስ ይለፈልፋል። ኖርበርት ወለሉን በተረከዙ መታ። ሬዲዮው አልሰማውም።

ረፋዱ ላይ ኮምፒውተሩን ሲያይ የነኤቫልድ ድርጅት አክሲዮን እየወረደ ነበር። የዜና ገጾቹን አየ፤ ምንም የለም። የድርጅቱን ገጽ አየ፤ ምንም። ተሳስቼ እንዳይሆን ብሎ ሁሉንም እንደገና አየ። ዋጋው አሁንም ይወርዳል።

የሚያውቅ ሰው እየሸጠ ነው። ከአለቆቹ አንዱ መሆን አለበት።

«ውረድ፣ ውረድልኝ» አለ በሹክሹክታ።

የታች ቤቱ ሬዲዮ ድንገት ጸጥ አለ። ከመንገዱ የአምቡላንስ ጩኸት መጣ፤ ቀጥሎም ሌላ። ኖርበርት ወደ መስኮቱ ሄደ። ሴቶች በነጠላ ጫማ ወደ ማዕድኑ በር ይሮጣሉ።

የጠዋት ፈረቃ! ሁበርት ጉድጓዱ ውስጥ ነው።

ቅድም ባለው ነገር አፈረ። ቢሆንም ስልኩን አነሳ።

«ፕሮፌሰር፣ ምሳሌው ተገኘ። ዋጋው ወድቋል፤ መግለጫ ገና አልወጣም።»

«ግሩም! ነገሩ ምንድን ነው?»

«እሱ... ገና አልተነገረም» አለና ዘጋው።

በሩ ተንኳኳ። የሁበርት ሚስት ወይዘሮ ኡርሱላ ናቸው፤ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ፣ ዓይናቸው ቀልቶ።

«ልጄ... ብቻህን ነህ?»

«ይግቡ፣ ይቀመጡ።» እጃቸውን ያዘ። «አይዞዎት። የአደጋ ሠራተኞቹ ጎበዞች ናቸው። ይወጣል፤ ያዩታል።»

ወይዘሮ ኡርሱላ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። እጁን ብቻ አጥብቀው ጨበጡት።

«ቆይ፣ ኤቫልድን ልጥራልዎት። አብረን በሩ ድረስ እንወስድዎታለን።» ደወለ። ጠራ፣ ጠራ። የሚያነሳው የለም። «እንቅልፋም! ተመልሶ ተኝቷል።»

ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ።

ሁበርት በቤት ጫማው፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ በሩ ላይ ቆመ። «ዛሬ በእኔ ፈንታ የገባው እሱ ነው» አለ።