በግራ በኩል

ብርዛፍ በመኪና አደጋ ቀኝ እጇን ካጣች በኋላ መኪና ልትመርጥ ወደ መሸጫው የመጣችው ከባሏ ከደምሰው ጋር ነበር። አዳማ ወዳለው ሥራዋ በፈጣኑ መንገድ መመላለስ ስላለባት፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ፍጥነትን የሚያጸና ክሩዝ ኮንትሮል ያለው አውቶማቲክ መኪና ትፈልጋለች።

ሻጩ የመጀመሪያዋን ከፈተላት። ብርዛፍ ገብታ መሪውን በግራ እጇ ያዘች። ፍጥነቱን የሚያጸናው ቁልፍ ያለው በመሪው ቀኝ በኩል ነው። እሱን ለመጫን መሪውን መልቀቅ ሊኖርባት ነው።

“ይቺ አትሆነኝም” ብላ ወረደች።

በሁለተኛዋ መኪና ቁልፉ የለም፤ በምትኩ እንደ ፍሬቻ ማብሪያ ያለ ትንሽ ዘንግ ከመሪው ሥር ወጥቷል። እሱም በቀኝ ነው። ይሄኔ የደምሰው ትዕግሥት አለቀ።

“ሰውየውን ለምን ታደክሚዋለሽ? በአንድ እጅ ልትነጂ? እኔ እያለሁልሽ!”

“እነዳለሁ” አለችው፣ ወደ ሦስተኛዋ እየገባች።

የዚችኛዋ ቁልፎች በግራ በኩል ነበሩ። መሪውን እንደጨበጠች አውራ ጣቷ ደረሰባቸው። አንዴ ተጫነች፤ ደገመች።

“ይቺን ነው የምወስደው።”

“ኧረ እንዳታደርጊው!” አለ ደምሰው።

ሻጩ አዘነለትና ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ። “እህቴ፣ ባለቤትሽ እኮ ስለሚሳሱልሽ ነው። ደግማ ትጋጭብኛለች ብለው ፈርተው ነው።”

“እኔ ተጋጭቼ አላውቅም” አለች ብርዛፍ። “ያን ቀን ሲነዳ የነበረው እሱ ነው።”