እማማ ደብተር

ወይዘሮ ትርንጎን ሰፈሩ የሚያውቃቸው «እማማ ደብተር» በሚል ስም ብቻ ነው። ጳጉሜ ባለቀ ቁጥር ስልኩም ቴሌቪዥኑም ያለፈውን ሁሉ ጠራርጎ ስለሚያጠፋ፣ የድሮው ነገር የሚገኘው እሳቸው ደብተር ላይ ብቻ ነው። የካሴት ሽፋን ይለጥፋሉ፣ የአራዳ ቋንቋ ይጽፋሉ፣ ተመራጩ በምርጫ ሰሞን የገባው ቃል እንኳ አያመልጣቸውም።

ዛሬ ጠዋት አንዲት የሰፈሩ ሙሽራ ሚዜዎቿን አስከትላ መጣች። «እማማ፣ ያንን የድሮ የሰርግ ዘፈን ያስጽፉን።»

ደብተሩን ገለጡ። ግጥሙን እሳቸው የጻፉት፣ ሟቹ ባለቤታቸው ጋሽ ደምሰው ጢማቸውን ሲላጩ ይዘፍኑት በነበረው መልክ ነበር። ስልክ ላይ የነበረው ፎቶግራፋቸው ከጠፋ ስንት ጳጉሜ አለፈ፤ መልካቸው እንኳ እየደበዘዘ ነው። ዋናው ዘፋኝ የሚጠራት ሴት ሌላ ነበረች፤ ጋሽ ደምሰው ግን ሁልጊዜ የሚስታቸውን ስም ነበር የሚያስገቡት።

ወይዘሮ ትርንጎ ስሙን ማረም ይችሉ ነበር። እንዳለ አነበቡላቸው።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። ሦስት መቶ ሰው «ትርንጎዬ» እያለ ይዘፍናል።

«እማማ፣ ይህች ትርንጎ ግን ማን ነበረች?» አለች ሙሽራዋ ላቧን እየጠረገች።

ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አደረጉ። «እንጃ ልጄ፤ በጣም የተወደደች ሴት ነበረች መሰለኝ» ብለው እስክስታው መሃል ገቡ።