የሌይማታ አፈር

«ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ምን ታውቃለች?» ብለው፣ ወደ ሸንጎ ሳይጠሯት መወሰናቸው ሌይማታን እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። ካቫ ስትተክል ያረጀችው እሷ አይደለችም እንዴ?

ባሕሩ ደሴቲቱን በጨው ካቃጠለ ወዲህ፣ በሸንጎው ውሳኔ የተረፈው አፈር ሥሩ ተወቅጦ ለሚጠጣው፣ ባሕር ማዶ ለሚሸጠው ካቫ ብቻ ሆነ። ጎደሬ መትከል ቀረ፤ ሬሳም ለባሕር ይሰጥ ጀመር። ባሏም ሲሞት ወደዚያው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሌይማታ ዓሣ አትቀምስም።

ካልሳካው የሚባለው የወንድሟ ልጅ፣ የሸንጎው ሹም፣ የተጠበሰ ዓሣ ይዞላት መጣ።

«አክስቴ፣ ብዪ እንጂ፤ በደረቅ ሩዝ አለቅሽ።»

«ባሌን የበላ ዓሣ ቢሆንስ? አንተው ብላው!»

«ሕጉን ብቻዬን አላወጣሁትም።»

«ብቻህን አፍርሰዋ ታዲያ! ስሞት ካቫው መሐል ቅበረኝ፤ በላዬ የበቀለውን ሸጠህ ብላ። በል፣ አሁን እፊቴ ማልልኝ!»