የሺሃረግ አላኮረፈችም

የሺሃረግ የበረዶውን ከረጢት ግራ ዓይኗ ላይ ይዛ፣ በቀኙ የቤተ ክርስቲያኑን በር ትጠብቃለች። የመኪናዋ ኤሲ ያጓራል። ውጭው የሚያቃጥለው የላስ ቬጋስ ሐምሌ ነው። ስልኩ ላይ ልጇ ሳምራዊት አለች፤ ፋርማሲ ነው የምትሠራው።

«ማሚ፣ ቶሎ እንዳታነሺው። ነርቩ መልእክት ይልካል፣ ኦኬ? ጡንቻው ጋ ያሉት በሮች ግን ብዙዎቹ ብሎክ ተደርገዋል። ትንሽ ትንሽ ብቻ ነው የሚገባው። ያ ትንሽ ትንሹ አንድ ላይ ካልተደመረ ዓይንሽ አይከፈትም።»

«በረዶው ታዲያ ምን ያደርግለታል?»

«መልእክቱን ቶሎ የሚያጠፋ ኬሚካል አለ፤ ብርድ እሱን ስሎው ያደርገዋል። መልእክቱ ይቆያል፣ ሌላው ይደርስበታል። ግን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ፣ ላቭ ዩ።»

ስልኩ ተዘጋ። የሺሃረግ ኤሲውን ስታዳምጥ ቀረች።

ነገሩ የጀመረው ከፋሲካ በፊት ነው። መጀመሪያ የዓይኗ ቆብ ወደቀ፤ ቀጥሎ ፈገግታዋ መንገድ ላይ ይቀር ጀመር። ልቧ ይስቃል፣ ከንፈሯ አይሰማም። ሰው ይህን በምን ያውቃል? ከሱዳን ስደት ጀምሮ ያልተለየቻት ብርቅታይት ሰላም ስትላት የተኮሳተረ ፊት አየችና «የሺ አኩርፋኛለች» አለች። ዝም ግን አላለችም፤ ወጉን ጠብቃ አቶ ባዘዘውን ሽማግሌ ላከች። የሺሃረግም «ኧረ ምንም አልበደለችኝ» ብላ ፈገግ ለማለት ታገለች። የተነሳው የከንፈሯ አንድ ጫፍ ብቻ ነበር። እሳቸውም ተመልሰው «አፏን አጣመመችብኝ» አሉ። አለቀ። ብርቅታይትም በተራዋ አኮረፈች።

ለምን አትናገርም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብላ ራሷ ለስንቱ ተርታለች። ግን አንዴ «አሟታል» ከተባለ፣ ወሬው ዞሮ ሲመጣ ሽባ አድርጓት ይገኛል። ማንም ሳያውቅ እድናለሁ ብላ ዝም አለች፤ ዝምታው ዊትኒ ሰፈር ያለውን ቤቷን ሞላው። እሑድ እሑድ ሰው ሁሉ ተቃቅፎ ሲወጣ እሷ ብቻዋን መኪናዋን ታስነሳለች። ሰው መሀል ሆኖ ሰው ማጣት እንዲህ እንደሚከብድ አታውቅም ነበር።

በሩ ተከፈተ። ብርቅታይት ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች።

የሺሃረግ በረዶውን አንስታ መስታወት አየች። ሁለቱም ዓይኖቿ ተከፍተዋል፤ ደኅና ሰው ትመስላለች። ዓይኗ ሳይወድቅ ብርቅታይት ፊት ቆማ እንዳላኮረፈች ታሳያታለች፣ ሌላ ምንም አልፈለገችም። ፈጥና ወረደች።

ብርቅታይት ግን ከአንዷ ጋር ትሳሳማለች፣ ከሌላዋ ጋር ወሬ ትጀምራለች። የኛ ሰው ስንብት መቼ ያልቅና! ይህን በሽታ ደግሞ ሙቀት ያባብሰዋል። የሺሃረግ ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርስ የዓይኗ ቆብ ይከብዳት ጀመር። ብርቅታይት ቀና ብላ አየቻት፣ ፊቷን አዞረች፣ መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

የሺሃረግ ስትደርስ ዓይኗ ወድቆ አልቋል። መስታወቱን በጣቷ አንኳኳች። ክንዷም ዝሎ ነበርና ድምፁ ለራሷም አልተሰማትም። ሞተሩ ተነሳ። ደገመች። ሰለሰች። እጇን ሳታሳርፍ አከታትላ መታችው፤ አንዱም ለብቻው ማንኳኳት የሚባል አልነበረም።

መስታወቱ አንድ ስንዝር ወረደ።

«ደግሞ ምን ቀረሽ?» አለች ብርቅታይት፣ ወደ ፊት እያየች።

የሺሃረግ የዓይኗን ቆብ በጣቷ ቀና ልታደርገው እጇን አነሳች። ከዚያ ተወችው።

«አሞኛል፣ ብርቄ» አለች። ምላሷ ከብዷት ቃሉ ተጎተተ። «አኩርፌሽ አላውቅም።»

ብርቅታይት ዞረች። የወደቀውን ዓይን አየች፣ ወደ አንድ ወገን የተጣመመውን ከንፈር አየች፣ እንደገና ዓይኑን አየች። ከዚያም በዚያ ሐሩር ማንም ነጂ የማያደርገውን አደረገች፤ ሞተሩን ከነኤሲው አጠፋችው።