ወደ ግራ የዞረው ገመድ

«ያንን የመሣሪያ ክዳን አሁንም ብትከፍተው፣ እጅህን ነው የምቆርጠው!» አለችው አብራው የምትሠራው ሚስቱ።

ነጎድጓድ እጁን ሰበሰበ። በላቦራቶሪው ሁሉም የሚጠራው በዚህ ስም ነው፤ እሱ ሲያወራ የጣሪያ እርግቦች ሰፈር ይለውጣሉ። በስብሰባ ላይ ብድግ ብሎ፣ «ወደ ቀኝ የተገመደውን ዲ.ኤን.ኤ በጨው ብቻ ወደ ግራ አዙሬ አሳያችኋለሁ!» ሲል ፎክሮ ነበር። ኃላፊውም፣ «ማክሰኞ ጠዋት አሳየኝ፤ አለዚያ መሣሪያችሁ ለሌላ ክፍል ይሰጣል» አሉት። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ዲ.ኤን.ኤ ሁለት ክሮች የተጠማዘዙበት ገመድ ነው። ክሮቹ እንደ ጣውንት ይገፋፋሉ፤ መሃል ገብቶ የሚያስታርቃቸው ጨው ነው። ጨው ሲያንስ ይለያያሉ። ባሕር የሚያስንቅ ጨው ሲገባ ደግሞ፣ ባልና ሚስቱ ያዘጋጁት ዓይነት ገመድ ጠባዩን ይለውጥና ወደ ግራ ይዞራል። ያኔ መሣሪያው በስክሪኑ ላይ የሚስለው መስመር ከኮረብታ ወደ ሸለቆ ይገለበጣል።

ጊዜ ግን ይፈልጋል። ነጎድጓድ ደግሞ ከትዕግሥት በቀር ሁሉም ነገር አለው። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር መሣሪያው ሥዕሉን ያቋርጣል፤ እሱም «ከሸፈ!» እያለ ገና ያልደረሰውን ናሙና ሁሉ ደፍቶታል። የቀረው ይኸው ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

ተቀመጠ። ተነሳ። ወንበሩን አዞረ፤ መልሶ አዞረ።

«ጉንዳን ወረረህ እንዴ?»

«ይሄ ገመድ ደንቆሮ ነው! ይህን ያህል ጨው ቢሰጡት ተራራ እንኳ ይገለበጥ ነበር!»

ከኮሪደሩ የጋሪ መንኮራኩር ሲንቋቋ ተሰማ። ኃላፊው፣ ከኋላቸውም መሣሪያውን ሊወስዱ የመጡ ሁለት ተሸካሚዎች። በስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ግን አሁንም ኮረብታ ነው።

ሚስቱ ትከሻውን ይዛ ወደ በሩ ገፋችው። «ውጣና አውራላቸው። ዕድሜ ልክህን የተለማመድከው ለዛሬ ነው።» በሩን ከኋላው ዘጋችው።

ነጎድጓድ እጆቹን ዘርግቶ በሩ ላይ ቆመ። «ጌታዬ! ይህን ጨው ከየት እንዳመጣሁት ነግሬዎታለሁ?» ጨውስ የመጣው ከመደርደሪያ ነው። «ከባሕር ወለል በጥርሴ ፈልፍዬ! ያውም ሁለት ሻርኮች ግራና ቀኝ ይዘውኝ!»

«ባለፈው አንድ ነበር» አሉ ኃላፊው።

«ሁለተኛው ዘግይቶ ነው የደረሰው!»

ተሸካሚዎቹ ጋሪውን ለቀው ተደገፉት። ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ፤ ግን አልተንቀሳቀሱም። ማዕበሉ አራት ፎቅ አከለ፤ ስድስት ፎቅ አከለ። ጀልባዋ ተሰበረች። የነጎድጓድ ሸሚዝ ከጀርባው ተጣብቋል፤ ወሬው እንዳያልቅበት እየጨመረ፣ ከበሩ ማዶ አንድ ድምፅ ይናፍቃል።

«እሺ፣ ሻርኩ እግርህን ያዘ» አለ አንደኛው ተሸካሚ። «ከዚያስ?»

የበሩ መስታወት ተንኳኳ። ነጎድጓድ ዞር አለ። ሚስቱ ግራ እጇን ከፍ አድርጋ፣ ጣቷን በአየር ላይ በዝግታ ወደ ግራ ታዞራለች።

«ከዚያስ?» አሉ ኃላፊው ራሳቸው።

ነጎድጓድ አፉን ከፈተ። ግራ እጁን ብቻ አንስቶ፣ እንደ ሕፃን፣ እሷ እንዳዞረችው ያዞር ጀመር።